መድኃኒት ያልነካው ምግብ ለጤና ይበልጣል ወይ?



ገበያ ስትወጡ አንዳንዱ ሻጭ «የኔ ቲማቲም በፍግ የበቀለ ነው፤ መድኃኒት አልነካውም» ይላችኋል። ዋጋውንም ከፍ ያደርጋል። በከተማ እንዲህ ያለው ምግብ «ኦርጋኒክ» ይባላል። የፋብሪካ ማዳበሪያና የፋብሪካ ፀረ ተባይ ሳይነካው የተመረተ ማለት ነው። ታዲያ ለጤናችን ስንል ብር እንጨምርበት? ነገሩን አንድ በአንድ እንየው።

ማዳበሪያው ወይስ መርዙ?

«የማዳበሪያ ጤፍ በሽታ ያመጣል» የሚሉ አሉ። ነገር ግን በልክ የተጨመረ ማዳበሪያ እህሉን መርዝ አያደርገውም። ፍግ አፈሩን ያለሰልሳል፤ እርጥበትም ይይዛል። ስለዚህ ለመሬታችሁ ትልቅ ሀብት ነው። ለበላተኛው ግን እንጀራው ያው እንጀራ ነው።

በአሜሪካ የስታንፎርድ ዩኒቨርሲቲ ተመራማሪዎች እ.ኤ.አ. በ2012 ከ200 በላይ ጥናቶችን ሰብስበው መረመሩ። ኦርጋኒክ ምግብ ከሌላው የበለጠ ገንቢ ነው የሚያሰኝ ጠንካራ ማስረጃ አላገኙም። አንድ ልዩነት ግን አዩ። ከሌላው ምግብ ከ100 ናሙና በ38ቱ ላይ የፀረ ተባይ ቅሪት ተገኘ። ከኦርጋኒኩ ከ100 በ7ቱ ላይ ብቻ ተገኘ።

እንግዲህ ዋናው ጉዳይ ፀረ ተባዩ ነው። ይህን ነገር ሁላችንም «መድኃኒት» እንለዋለን። ስሙ ግን ያታልላል። ተባይ የሚገድል ነገር መርዝ ነው።

መርዙ ማንን ይጎዳል?

መጀመሪያ የሚጎዳው የሚረጨው ገበሬ ነው። ባዶ እጁን የሚበጠብጥ፣ ወደ ነፋሱ ዞሮ የሚረጭ ሰው መርዙን በቆዳውና በሳንባው ይጠጣዋል። ቀጥሎ ቤተሰቡ ነው። የመርዝ ጀሪካን ታጥቦ ውሃ ሲቀዳበት፣ ዘይት ሲገዛበት አይታችሁ ይሆናል። ያ ዕቃ ቢታጠብም አይጸዳም። ሦስተኛው በላተኛው ነው። ዛሬ ተረጭቶ ነገ የተለቀመ ቲማቲም መርዙን ይዞ ገበያ ይወጣል።

ከሁሉ የሚብሰው ጎተራ ውስጥ የሚገባው ነው። ዲዲቲ በእህል ላይ ፈጽሞ አይነሰነስም። እ.ኤ.አ. በ2001 በስቶክሆልም የተፈረመው የዓለም ስምምነት ዲዲቲን ለእርሻ ከልክሏል። ይህ መርዝ በሰው ስብ ውስጥ ይቀመጣል፤ በእናት ጡት ወተትም ወደ ሕፃን ያልፋል። ለነቀዝ የሚገባው የፎስቶክሲን ክኒንም ገዳይ ጋዝ ያወጣል። ሰው በሚያድርበት ቤት እንዳታስገቡት።

የተፈጥሮ ሁሉ ደኅና ነው ወይ?

አይደለም። ጓያ ያለ ማዳበሪያ፣ ያለ መድኃኒት ይበቅላል። ሆኖም በችግር ጊዜ ወራት ሙሉ ዋና ምግብ ሲሆን እግርን ሽባ ያደርጋል። ጥሬ ፍግ የነካው ሰላጣም የወስፋት እንቁላል ይዞ ሊመጣ ይችላል።

ሻጋታም ተፈጥሮ ነው። እ.ኤ.አ. በ2004 በምሥራቅ ኬንያ 317 ሰዎች ታመው 125ቱ ሞቱ። ገዳዩ እርጥብ ሆኖ በተከማቸ በቆሎ ላይ የወጣ የሻጋታ መርዝ ነበር። መርዙ አፍላቶክሲን ይባላል፤ ቢቀቅሉትም አይጠፋም። ብዙው በቆሎ ሰዎቹ በገዛ ማሳቸው ያመረቱት ነበር።

ታዲያ ምን ይሻላል?

1ኛ. እህሉን በደንብ አድርቃችሁ አስገቡ። አየር የማያስገባ ባለ ሦስት ሽፋን ከረጢት ካገኛችሁ ነቀዙ ታፍኖ ይሞታል፤ መርዝ አያስፈልግም።

2ኛ. ፀረ ተባይ ስትገዙ ዕቃው ላይ የተጻፈውን አንብቡ። ከተረጨ በኋላ ስንት ቀን ቆይቶ እንደሚለቀም ተጽፎበታል። ፊደል የቆጠራችሁት ለዚህም ጭምር ነው። ጽሑፉ በውጭ ቋንቋ ከሆነ የግብርና ባለሙያውን ጠይቁ። ያልገባችሁን አትርጩ።

3ኛ. ስትረጩ ጓንትና ጫማ አድርጉ፤ አፍና አፍንጫችሁን ሸፍኑ፤ ነፋሱን ወደ ኋላችሁ አድርጉ። ባዶውን ዕቃ ብሱና ከቤት አርቁ።

4ኛ. አትክልት ስትገዙ በንጹሕ ውሃ አሽታችሁ እጠቡ። ሁሉን ባያስወግድም ይቀንሰዋል።

5ኛ. ለቤታችሁ የምትበሉትን ጎመንና ቲማቲም በጓሮ፣ በበሰበሰ ፍግ አልሙ። ይህ ኦርጋኒክ ነው፤ ብርም አይጠየቅበትም።

ብር የመጨመሩስ ነገር?

አምራቹን የምታውቁት፣ ቃሉም የታመነ ከሆነ፣ ትንሽ መጨመር አይከፋም። ዋጋው አትክልቱን የሚያሳንስባችሁ ከሆነ ግን ይቅርባችሁ። ልጅ ሁለት እፍኝ ውድ ጎመን ከሚበላ፣ በደንብ የታጠበ ጎመን ጠግቦ ቢበላ ይሻለዋል።

ሻጭ ስትሆኑ ደግሞ ነገሩ ይለያል። እ.ኤ.አ. በ1999 የተቋቋመው የኦሮሚያ ቡና ገበሬዎች ኅብረት ሥራ ዩኒየን ኦርጋኒክ መሆኑ የተመሰከረለትን ቡና ለውጭ ገበያ ያቀርባል። የውጭው ገዢ የሚጨምረው ዋጋ በምስክር ወረቀቱ ነው። ወረቀቱ የሚሰጠው መርማሪ መጥቶ ማሳውንና መዝገቡን ሲያይ ነው። ብቻችሁን ከሆናችሁ ወጪው ይከብዳል፤ በማኅበር ሲሆን ይቀላል።

እንግዲህ ውድ አንባቢዎች፣ ጤና በስም አይገዛም። የሚገኘው ከደረቀ እህል፣ ከታጠበ አትክልትና መርዙን አንብቦ ከሚጠነቀቅ እጅ ነው። «ሳይቃጠል በቅጠል» ይባል የለ? ዛሬውኑ ጎተራችሁን ክፈቱና እዩ።