«ይቺን አትጻፋት»

ባለፈው ጥቅምት፣ አንድ ማክሰኞ ጠዋት፣ ከፈትል ክፍል የመጣች ልጅ ቀኝ እጇን ጠረጴዛዬ ላይ አስቀመጠች። አቀማመጧ የራሷን እጅ ሳይሆን ሰው አደራ ያላትን ዕቃ የምታሳርፍ ይመስል ነበር። ማሽን ከያዛት አምስተኛ ወሯ ነው። አንጓዋ ላይ ጅማቶችና አንድ ነርቭ ተቆርጠው ደሴ ተሰፍተውላታል። የማዕዘን መለኪያዬን አመልካች ጣቷ መሐል መገጣጠሚያ ላይ አድርጌ «እጠፊው» አልኳት። 40 ዲግሪ ላይ ቆመ። «ጨምሪ» አልኳት። ያው 40። ካርዱ ላይ ጻፍኩት።

ልትወጣ ስትነሳ ሻርፗ ከትከሻዋ ተንሸራተተ። ሳታስበው በሁለት እጇ ያዘችው፤ ጫፉን በቀኝ ጣቶቿ ቆንጥጣ ወደ ኋላ ሸጎጠችው። ያ ጣት ያን ጊዜ ከ70 በታች አልታጠፈም፤ ይህን ለማወቅ መለኪያ አያስፈልገኝም። ዓይን ለዓይን ተያየን። ተመልሳ ቁጭ አለችና ቀስ ብላ «ጋሼ፣ ይቺን አትጻፋት» አለችኝ።

አልተቆጣኋትም። በፊዚዮቴራፒ ሥራዬ ይህን ልመና በተለያየ ቃል ሰምቼዋለሁ፤ ከሚስማር ማሽን፣ ከቆዳ ማልፊያ፣ ከድንጋይ ካባ፣ ከግንባታ ላይ ወድቀው ከመጡ ሰዎች። ኮምቦልቻ የፋብሪካ ከተማ ናት። ጨርቃ ጨርቁ፣ ብረታ ብረቱ፣ ቢራው፣ ቆዳው፣ በ2009 ዓ.ም. የተመረቀው ኢንዱስትሪ ፓርክ ከተማዋን አሳድገዋታል። የእጅ ጉዳትም አብሮ መጥቷል። የጉዳቱን መጠን በመቶኛ የሚወስነው የሐኪሞች ቦርድ ነው፤ ሰዉ ለዚህ የራሱ ቋንቋ አለው፤ «ቦርድ ወጣ» ይላል፣ «ፐርሰንት ተሰጠው» ይላል። ቡና ላይ ተቀምጦ «ስንት ፐርሰንት አገኘህ?» ተብሎ የሚጠየቅ ሰው አይቻለሁ፤ እጅህ እንዴት ሆነ ብሎ የጠየቀው ግን አልነበረም።

ልጅቷ በሚቀጥለው ወር ቦርድ ልትቀርብ ነበር። እናቷ ከጎረቤት ሰምተው «ሥራ የገባ ሰው ካሳ የለውም፤ እጅሽ ዳነ ካሉሽ አለቀልሽ» ብለዋታል። እናት ክፉ አልመከሩም፣ ያላቸውን ነው የመከሩት። የልጅቷ ደመወዝ ሦስት ሰው ያበላ ነበር።

የአሠሪና ሠራተኛ አዋጅ 1156/2011 ሥራ ላይ የተጎዳ ሰው ለአንድ ዓመት እንዲከፈለው ያዛል። የመጀመሪያዎቹን ሦስት ወራት ሙሉ ደመወዙን፣ ቀጣዮቹን ሦስት ወራት ከ75 በመቶ ሳያንስ፣ የቀሩትን ስድስት ወራት ከግማሽ ሳያንስ። ሕክምናውን፣ አስፈላጊ ከሆነም ሰው ሠራሽ አካሉን የሚችለው አሠሪው ነው። መልካም ሕግ ነው፣ ብዙ ሰው አድኗል። ነገር ግን ከእኔ ጠረጴዛ ሲታይ ክፍያው የሚወርድበት ደረጃና አካል የሚድንበት ደረጃ አይገጣጠሙም። የተሰፋ ጅማት ከባድ ነገር እንዲያነሳ የምንፈቅድለት ወደ አሥራ ሁለተኛው ሳምንት ገደማ ነው፤ ልክ ሙሉ ደመወዙ ሲያበቃ። የተቆረጠ ነርቭ ደግሞ ከተሰፋ በኋላ የሚያድገው በቀን አንድ ሚሊ ሜትር ያህል ነው። ከአንጓ እስከ ጣት ጫፍ አሥራ ስምንት ሴንቲ ሜትር ብንል፣ ስሜት ጣቷ ጫፍ ላይ ለመድረስ ስድስት ወር ይፈልጋል፤ ያውም ሳይዘገይ ከጀመረ። እሷ ትኩስና ቀዝቃዛ መለየት ስትጀምር ደመወዟ ግማሽ ገብቷል። የቤት ኪራይ ግማሽ አይሆንም። ስለዚህ አንዳንዱ ገና ስሜት በሌለው እጅ ወደ ማሽኑ ይመለሳል፤ የማይሰማ ጣት ደግሞ ሁለተኛ ጊዜ ቢገባም አይጮህም። ሌላው በተቃራኒው ይሸሻል፤ ቦርዱ እስኪያየው እጁን አስሮ ይቀመጣል።

ይህ ሁለተኛው ነው የሚያስፈራኝ።

ከጥቂት ዓመታት በፊት የሚስማር ማሽን ሁለት ጣቱን የቀጠቀጠው አንድ ጎልማሳ ነበረኝ። ጥሩ እየሄደልን ነበር። ከዚያ መምጣት ቀነሰ፤ ሲመጣም ጨርቅ ጠምጥሞ ነው። ያኔ አልገባኝም፣ ሰነፈ ብዬ አዘንኩበት። ቦርዱ ዘግይቶ ዘግይቶ ሲያየው ጣቶቹ እንዲታጠፉ ቢለመኑም አልታጠፉም። የመገጣጠሚያ ከረጢት ለወራት ካልተንቀሳቀሰ ይኮማተራል፣ ጅማት ከጠባሳው ጋር ይጣበቃል። አስመስሎ ያደረቀው እጅ እውነት ደረቀ። ፐርሰንቱ ከፍ አለለት፤ እጁን ግን ማንም አልመለሰለትም። ያን ሰው ቀደም ብዬ አስቀምጬ፣ ካርዱን ዘግቼ፣ «ወንድሜ፣ የፈራኸው ምንድን ነው?» ብዬ አለመጠየቄ እስካሁን ይከነክነኛል።

ልጅቷን ግን ጠየቅኋት። እናቷንም አስጠራኋቸው፤ ውጭ አግዳሚው ላይ ነበሩ። ወረቀት አውጥቼ ሒሳቡን ሠራሁላቸው። ሕጉ ሙሉ በሙሉ መሥራት ላቃተው ሰው የአምስት ዓመት ደመወዙን ነው ካሳ የሚያደርገው፤ ጉዳቱ ከፊል ከሆነ በመቶኛው ልክ። ደመወዟ 4,000 ብር ነው ብንል፣ የዓመቱ 48,000፣ የአምስት ዓመቱ 240,000 ይሆናል። ቦርዱ 20 በመቶ ቢላት 48,000 ብር ነው። ይህ ገንዘብ አንዴ የሚከፈል ነው። ነገ ሥራ ብትገባ የሚነጠቅ፣ ቤት ብትውል የሚጨምር አይደለም።

ጡረታ ሕጉ ደግሞ ነገሩን ይበልጥ ግልጽ ያደርገዋል። ጉዳቱ ከ10 በመቶ ያላነሰ ሆኖ የመሥራት ችሎታውን ላላጣ ሰው የሚከፈል «የጉዳት ዳረጎት» የሚባል ነገር አለው። እናትየው ይህን ስነግራቸው «እንዴ! እየሠራ?» አሉ። አዎ፣ እየሠራ። ዳረጎቱ የተሠራው ለሚሠራ ሰው ነው። የመሥራት ችሎታውን ለዘለቄታው ላጣ ደግሞ የጉዳት ጡረታ አለ፣ የደመወዙ 47 በመቶ በየወሩ። እዚህ ላይ ግን ፍርሃቱ መሠረት የለውም አልልም። አበሉ የቆመው መሥራት ባለመቻል ላይ ስለሆነ፣ ሥራ መሞከር ጥያቄ ያስነሳል፤ የጉዳት መጠንም እንደገና ሊመረመር ይችላል። ይህ ፍርሃት በጡረታ ብቻ አያበቃም፤ ደሴ ውስጥ የከተማ ሴፍቲኔት ቀጥታ ድጋፍ የሚያገኙ አንድ ዓይነ ሥውር አባት በልጃቸው ሱቅ ፊት ለፊት ሶፍትና ማስቲካ ይዘው መቀመጥ ይወዳሉ፤ ግን «መሥራት ይችላል ብለው ስሜን ይሰርዙኛል» ብለው ቤት መዋሉን መርጠዋል። ከዚያች ትንሽ ሽያጭ ይልቅ ከሰው ጋር ማውጋቱ ነው የቀረባቸው።

ስናወራ ልጅቷ ድንገት «ጋሼ፣ እኔ እኮ ብሩን አይደለም የፈራሁት» አለች። የፈራችው ያን ማሽን ነው። ሌሊት በሕልሟ ድምፁን ትሰማዋለች። ዳነች ከተባለች እዚያው ፊት ለፊት እንደሚያቆሟት፣ አልችልም ካለች ደግሞ እንደሚያሰናብቷት ነው የምታስበው። ከቦርዱ ወዲያ ያለው ሕይወት ለእሷ ሁለት በር ብቻ ነበረው።

በእውነቱ አሠሪ ሠራተኛው በጤና ወይም በአካል ጉዳት ምክንያት ግዴታውን ለዘለቄታው መወጣት ካልቻለ በማስጠንቀቂያ ማሰናበት ይችላል፤ ሕጉ ይህን አይደብቅም። ነገር ግን ያው ሕግ በሠራተኛ ቅነሳ ጊዜ በድርጅቱ ውስጥ ሥራ ላይ የተጎዱትን ከመጨረሻዎቹ ተቀናሾች መካከል ያደርጋቸዋል። በ2014 ዓ.ም. የሰሜኑ ጦርነት ኮምቦልቻን ሲመታ፣ ፋብሪካዎች ሲዘረፉ፣ ያንኑ ዓመት ከአሜሪካ የአጎዋ ገበያ መውጣት ሲጨመርበት፣ ብዙ ሰው ሥራውን ያጣበትን ጊዜ ላየ ሰው ይህች አንቀጽ ትንሽ ነገር አይደለችም። ስለ አካል ጉዳተኞች የሥራ ስምሪት የወጣው አዋጅ 568/2000 ደግሞ አሠሪው የሥራ ቦታውንና መሣሪያውን ለሰውየው እንዲያመቻች ያስገድዳል። በሁለቱ በሮች መካከል ሦስተኛ አለ ማለት ነው፤ ጨርቅ መመርመር፣ መጋዘን፣ የጥራት ቁጥጥር፣ ግማሽ ፈረቃ። «ይህን ሥራ አትችልም» እና «ሥራ አትችልም» የተለያዩ ዓረፍተ ነገሮች ናቸው። ብዙ የስንብት ደብዳቤ ላይ ግን አንድ ሆነው አይቻለሁ።

ልጅቷ ደግሞ ዋሽንግተን የምትኖር አክስቷ በስልክ የነገረቻትን አመጣችልኝ፤ እዚያ የአካል ጉዳት አበል የሚያገኝ ሰው አበሉ ሳይቋረጥ ዘጠኝ ወር ሥራ መሞከር ይችላል። እውነት ነው፣ የሙከራ ጊዜ ይሉታል። ዘጠኙ ወር ተከታታይ መሆን እንኳ የለበትም፤ በአምስት ዓመት ውስጥ ተበታትኖ ይቆጠራል። የአሜሪካን ብር የለንም፤ ይህችን ሐሳብ ለመውሰድ ግን ብር አይጠይቅም። የተጎዳ ሰው «ሞክሬ ካቃተኝ ወደነበርኩበት እመለሳለሁ» ማለት ከቻለ፣ ጠረጴዛዬ ላይ እጁን የሚደብቅበት ምክንያት አይኖረውም። ኢትዮጵያ የአካል ጉዳተኞችን የሙያ ተሃድሶና ሥራ የሚመለከተውን ዓለም አቀፍ የሥራ ድርጅት ስምምነት ቁጥር 159 ያጸደቀችው በ1983 ዓ.ም. ነው። ከሠላሳ ዓመት በላይ ሆነው። ከእኔ ክፍል እስከ ፋብሪካው በር ድረስ ሰውየውን ይዞት የሚሄድ ባለሙያ ግን እስከ ዛሬ አላየሁም። እኔ አድናለሁ፣ ቦርዱ ይለካል፣ ፋብሪካው ይወስናል፤ ሦስታችን አንድ ጠረጴዛ ላይ ተቀምጠን አናውቅም።

እኔም የጥፋቱ ድርሻ አለኝ። ለቦርድ የምልከው ማስታወሻ ለዓመታት የጎደለውን ብቻ ነበር የሚቆጥረው፤ ይህን ያህል ዲግሪ አይታጠፍም፣ ይህን ያህል ኪሎ አይጨብጥም። አሁን ከሥር ሌላ አንቀጽ እጨምራለሁ፦ ምን ማንሳት ይችላል፣ ስንት ሰዓት መቆም ይችላል፣ ከየትኛው ማሽን መራቅ አለበት፣ መቼ እንደገና ይታይ። ማንም አልጠየቀኝም፣ ቅጹም ቦታ የለውም፤ በጀርባው ነው የምጽፈው።

የእሷ ካርድ ላይ 40ውን ሰርዤ 70 አልኩ። ዓይኗ እያየ ነው የጻፍኩት። ከቦርዱ ማስታወሻ ጀርባ «ስሜቱ ገና ጣት ጫፍ አልደረሰም፤ ለሚቀጥሉት ስድስት ወራት የሚሽከረከር ማሽን ላይ አይመደቡ፤ ተቀምጦ የሚሠራ የምርመራ ሥራ ይችላሉ» ብዬ ጽፌ አነበብኩላት። እናትየው ወረቀቱን ተቀብለው በነጠላቸው ጫፍ ቋጠሩት። «አብሽሪ፣ አላህ ያውቃል» አሏት። ለእኔም «ልጄ፣ እጅህ ይባረክ» አሉኝ።

ቦርዱ የሰጣትን ቁጥር እዚህ አልጽፈውም፣ የእሷ ነው። ፋብሪካው ማስታወሻውን ተቀብሎ ጨርቅ ምርመራ ላይ አስቀምጧታል፤ መጀመሪያ ለግማሽ ቀን፣ አሁን ሙሉ። በየካቲት ደግሞ አንድ ቅዳሜ ያለ ቀጠሮ መጣች። ማታ ማታ የሒሳብ አያያዝ ትምህርት ጀምራለች። ግራ እጇን ልታለማምድ ሞክራ ነበር፣ አልሆነላትም፤ በቀኟ ስትጽፍ ደግሞ ብዕሩ ቀጭን ስለሆነ ይሾልካታል፤ ፈተናው ሦስት ሰዓት ነው። የባጃጅ ከመነዳሪ ቁራጭ መሳቢያዬ ውስጥ ነበረኝ። በመቀስ ስስ አድርጌ ቆርጬ ብዕሩ ላይ አምስት ዙር ጠመጠምኩና ሰጠኋት። ካርዷ ጀርባ ላይ ስሟን ጻፈችበት። «ትንሽ ይወፍር» አለች። አንድ ዙር ጨመርኩ።