ማሽኑ ከመፈታቱ በፊት ኪሳችሁን ፈትሹ

የዋጋ መረጃው እንደተለመደው ነገ ጠዋት ይለቀቃል። ዛሬ እሁድ ስለሆነ ስለ ልብስ ማጠቢያ ማሽን ላውጋችሁ። ነገሩ ከእኛ ሥራ ጋር ይገናኛል፣ ታያላችሁ።

ባለቤቴ አራስ ናት። የሕፃን ልብስ በቀን ሁለት ዙር ይታጠባል። በዚህ መሐል ማሽኑ ውኃውን አልደፋም ብሎ ቆመ። ልብሱ እንደተነከረ ነው፣ በሩም አልከፈትም አለ። የጠራሁት ባለሙያ ገና ሳይነካው "ፓምፑ ተቃጥሏል፣ በአዲስ ይቀየር" አለኝ። የጠራው ዋጋ የሳምንት ኮሚሽኔን ጠራርጎ የሚወስድ ነው። እኔ ደግሞ ናሙና ሳላይ ዋጋ አልነጋገርም። "ቆይ፣ እደውልልሃለሁ" ብዬ ሸኘሁት።

ከማሽኑ ፊት ለፊት፣ ታች በኩል ያለችውን ትንሽ ክዳን ከፈትኩ። እዚያ የውኃ መውጫው ማጣሪያ አለ። ምን ባገኝ ጥሩ ነው? ስድስት ፍሬ ቡና፣ ሁለት ቦሎቄ፣ አንድ ሳንቲም! ከመጋዘን ስመለስ ኪሴ ውስጥ የረሳሁት ናሙና ነው። አጸዳሁት፣ መልሼ ገጠምኩት፣ ሠራ። ፓምፑ ምንም አልሆነም ነበር።

እናንተም ኪሳችሁ ከእህል አይጸዳምና፣ ባለሙያ ከመጥራታችሁ በፊት እነዚህን እዩ። ማንኛውንም ነገር ስትነኩ መጀመሪያ ከሶኬት ንቀሉ።

1. ውኃ አልደፋ ካለ፦ ውኃው ትኩስ ከሆነ እስኪቀዘቅዝ ጠብቁ። ከሥር ትሪና ጨርቅ አድርጋችሁ ማጣሪያውን ቀስ እያላችሁ ወደ ግራ አዙሩ። ባንዴ ከፈታችሁት ቤቱ ይጥለቀለቃል። የመውጫው ቱቦ አለመታጠፉንም እዩ።

2. ውኃ አልገባ ካለ፦ ቧንቧው ተከፍቷል? ቱቦው አልታጠፈም? ከኋላ፣ ቱቦው ከማሽኑ ጋር በሚገናኝበት ቦታ ትንሽ ወንፊት አለች። በፈረቃ የሚመጣ ውኃ መጀመሪያ ላይ ደለል ይዞ ስለሚመጣ እሷን ይደፍናታል። ቧንቧውን ዘግታችሁ፣ ቱቦውን ፈታችሁ በጥርስ ብሩሽ አጽዷት። ከሮቶ የምትጠቀሙ ደግሞ ግፊት የሚገኘው ከከፍታ መሆኑን አትርሱ፤ 10 ሜትር ከፍታ 1 ባር ገደማ ነው የሚሰጠው። ሮቶው መሬት ላይ ከተቀመጠ ማሽኑ ላይ አትፍረዱ።

3. ውኃው እየገባ ወዲያው ከወጣ፦ የመውጫው ቱቦ ጫፍ ወለል ላይ ተጥሎ ይሆናል። መመሪያው ላይ ወዳለው ከፍታ አንሱት። ለብዙዎቹ ማሽኖች ከ60 እስከ 100 ሳንቲ ሜትር ነው።

4. ሲጨምቅ የሚዘል ከሆነ፦ አዲስ ማሽን ከሆነ ለጉዞ ተብለው ከኋላ የታሰሩት ብሎኖች መውጣታቸውን እዩ። አራቱም እግሮች እኩል መሬት ይርገጡ። አንድ ጋቢ ብቻውን አትክተቱ፤ ውኃ ሲጠጣ ባንድ በኩል ይከመርና ሚዛኑን ያዛባዋል። የጭነት ነገር መቼም ለእናንተ አይነገርም!

5. አረፋ ከበዛ ወይም ከሸተተ፦ ለእጅ እጥበት የተሠራ የዱቄት ሳሙና ብዙ አረፋ ያወጣል፣ ያፈሳልም። ለማሽን የተሠራውን ተጠቀሙ፣ መጠኑንም ቀንሱ። የበሩን ላስቲክ ጥረጉ። ስትጨርሱ በሩን ገርበብ አድርጋችሁ ተዉት፤ ልጆች ካሉ ግን አይናችሁ አይነሳ።

የመቃጠል ሽታ ካለ፣ ብሬከር ደጋግሞ ከወረደ ወይም ብረት ከብረት የሚፋጭ ድምፅ ከሰማችሁ ግን እዚያው አቁሙ። ያ የእኛ ሥራ አይደለም፤ ባለሙያ ጥሩ። ዕቃ ይቀየር ካላችሁ ደግሞ የተበላሸውን ፈትቶ ያሳያችሁ። እኛስ ጆንያው ሳይከፈት ደረጃ እንሰጣለን እንዴ?

እኔ አሁን ከመጋዘን ስወጣ በር ላይ ቆሜ ኪሴን አራግፋለሁ። ጥበቃው ይስቅብኛል፣ ይሳቅ። ያቺ የመጨረሻዋ ቦሎቄ የምታስወጣውን እሱ አያውቅም።

መልካም የገበያ ሳምንት ይሁንላችሁ።