ስምም ንብረት ነው

ከመስቀል አደባባይ ወደ ቦሌ በሚወስደው መንገድ ደንበልን አልፎ ኦሎምፒያ የደረሰ ሰው በግራና በቀኝ የሚያነበው ስም ብዙ ነው። ልብስ ሰፊው፣ ፀጉር ቤቱ፣ ጫማ መደብሩ፣ ቡና ቤቱ ሁሉ ስሙን ከበሩ በላይ ሰቅሏል። ከባለቤቶቹ መካከል ሴቶቹ ጥቂት አይደሉም።

እስቲ ከእነርሱ አንዷን እናስብ። የሀበሻ ቀሚስ በራሷ ጥለት እያሰፋች የምትሸጥ እናት ናት እንበል። ዐሥር ዓመት ለፍታ ስሟን አስጠርታለች። አንድ ቀን ደንበኛዋ መጥታ «ማዶ የከፈትሽው ሱቅ እንዴት ያምራል!» ትላታለች። እርሷ ግን ማዶ ሱቅ አልከፈተችም። ንግድ ፈቃዷን ይዛ ለአቤቱታ ብትነሣ መጀመሪያ የሚገጥማት ጥያቄ «ምልክትሽን አስመዝግበሻል ወይ?» የሚል ነው።

ለመሆኑ ልዩነቱ ምንድን ነው? የንግድ ስም ነጋዴዋ ራሷ በንግድ መዝገብ የምትታወቅበት ነው። የንግድ ምልክት ግን ዕቃዋ ወይም አገልግሎቷ ከሌላው የሚለይበት ቃል ወይም ሥዕል ሲሆን፣ ምዝገባውም ለብቻው ነው። በአዋጅ ቁጥር 501/1998 መሠረት የምልክት ባለቤትነት የሚገኘው በምዝገባ ነው፤ ለ7 ዓመት ይጸናል፣ በየ7 ዓመቱም ይታደሳል። ጥለቱም አዲስ ከሆነ በአዋጅ ቁጥር 123/1987 እንደ ኢንዱስትሪያዊ ንድፍ ሊመዘገብ ይችላል። በዚሁ አዋጅ ለፈጠራ የሚሰጠው ፓተንት ለ15 ዓመት ይጸናል፤ ፈጠራው በአገር ውስጥ በሥራ ላይ መዋሉ ሲረጋገጥም ለ5 ዓመት ሊራዘም ይችላል። እነዚህ ሁሉ በአንድነት የኢንዱስትሪ ንብረት ይባላሉ።

ይህ ዕውቀት ለአንድ ሱቅ ብቻ የሚበጅ አይደለም። በ1997 ዓ.ም. መንግሥታችን ሲዳሞ፣ ሐረርና ይርጋጨፌ የተባሉትን የቡና ስሞች በአሜሪካ በንግድ ምልክትነት ለማስመዝገብ አመለከተ። የአሜሪካ የቡና ነጋዴዎች ማኅበር ተቃወመ። «በንግድ ምልክት ፈንታ የበቀለበትን ቦታ የሚያረጋግጥ ምልክት ይሻላል» የሚል ሐሳብም ቀረበ። በወቅቱ የአእምሯዊ ንብረት ጽሕፈት ቤቱን ይመሩ የነበሩት አቶ ጌታቸው መንግሥቴና ባልደረቦቻቸው ግን በንግድ ምልክቱ ጸኑ፤ በየጓሮው ቡና የሚያበቅለውን ገበሬ ሁሉ እየተከታተሉ ማረጋገጥ አዳጋች ነበርና። በ1999 ዓ.ም. ስታርባክስ ከኢትዮጵያ ጋር ስምምነት ፈረመ። ከብዙ የሕግ መሣሪያ መካከል ለጉዳዩ የሚስማማውን መምረጥ እንዲህ ያለ ፍሬ አለው።

ልጃገረዶቻችን ወደ ንግድ ለመሰማራት ሲያስቡ ብዙውን ጊዜ የሚመከሩት ሒሳብ አያያዝ ወይም ሥራ አመራር እንዲማሩ ነው። መልካም ነው። ነገር ግን ይህም የሕግ ዘርፍ የእንጀራ በር መሆኑ ሊታወቅ ይገባል። መኖሪያውና ዋና የሥራ ቦታው ከኢትዮጵያ ውጭ የሆነ አመልካች ምልክቱን በአገራችን ለማስመዝገብ እዚህ የሚኖር ወኪል መያዝ ግዴታው ነው። ምርቱን ወደ ውጭ የሚልክ ነጋዴም በሄደበት አገር ሁሉ ስሙን የሚጠብቅለት አዋቂ ያሻዋል።

መንገዱም ክፍት ነው። በ1956 ዓ.ም. ሥራ የጀመረው የዛሬው የአዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ የሕግ ትምህርት ቤት አንዱ መነሻ ነው። ሥራና ቤተሰብ ይዛ ከቤት መራቅ ለማይመቻት እኅት ደግሞ የዓለም አእምሯዊ ንብረት ድርጅት አካዳሚ የመጀመሪያ ደረጃውን ትምህርት በርቀት ያለ ክፍያ ይሰጣል። ከዚያ በላይ ለምትሻ በዚምባብዌ የሚገኘው አፍሪካ ዩኒቨርሲቲ በዘርፉ ሁለተኛ ዲግሪ ያስተምራል።

ውድ እኅቶች፣ ሰሌዳ ከማጻፋችሁ በፊት ስሙ በሌላ ሰው የተያዘ እንዳይሆን የኢትዮጵያ አእምሯዊ ንብረት ባለሥልጣንን ጠይቁ። የተመዘገበም ካላችሁ የማሳደሻውን ቀን ከልጆቻችሁ የልደት ወረቀት ጋር አኑሩት። ልጃችሁም «ሕግ ተምሬ እናቴን በንግዷ ልርዳ» ያለች እንደሆነ «ሕግና ንግድ ምን አገናኛቸው?» ብላችሁ አትመልሷት።