ያረጀን መኪና የጉዞ ቤት ማድረግ፦ የሶደሬ መንገድ የሚፈትናቸው ነገሮች

ከአዳማ ከተማ 25 ኪሎ ሜትር ያህል ርቆ በአዋሽ ወንዝ ዳርቻ የሚገኘው ሶደሬ፣ በፍል ውሃውና በጥላማ ዛፎቹ ለበርካታ አሥርት ዓመታት የአዲስ አበባና የስምጥ ሸለቆ ከተሞች ነዋሪዎች የዕረፍት መዳረሻ ሆኖ ኖሯል። ቤተሰብ ይዞ፣ ስንቅ ቋጥሮ፣ ፍራሽና ምጣድ ጭኖ የሚሄደው ሰው ብዙ ነው። አልጋውን፣ ማዕድ ቤቱንና የውሃ ታንከሩን በውስጡ የያዘ መኪና ለዚህ ዓይነቱ ጉዞ የተመቸ ነው። በኢትዮጵያ ይህን የመሰለ መኪና አዲስ ሆኖ የሚገኘው ከስንት አንድ ስለሆነ፣ ሐሳቡ ያለው ሰው አብዛኛውን ጊዜ የሚጀምረው በእጁ ካለ አሮጌ ኮምቢ ወይም ሚኒባስ ነው።

አሮጌ መኪናን መንከባከብ አሁን ከቀድሞው የበለጠ ትርጉም አግኝቷል። በ2012 ዓ.ም. የወጣው የኤክሳይስ ታክስ አዋጅ ዕድሜያቸው በገፋ ያገለገሉ ተሽከርካሪዎች ላይ እስከ 500 በመቶ የሚደርስ ታክስ ጥሏል። የትራንስፖርትና ሎጂስቲክስ ሚኒስቴር ደግሞ በ2016 ዓ.ም. አጋማሽ በኤሌክትሪክ ከሚሠሩ በስተቀር አውቶሞቢሎች ወደ አገር እንዳይገቡ መወሰኑን አስታውቋል። በዚህም የተነሳ በአገር ውስጥ ያለው አሮጌ የቤንዚን መኪና በቀላሉ የማይተካ ንብረት ሆኗል። ይሁንና መኪናው አልጋና ማዕድ ቤት ሲጨመርበት ክብደቱ፣ የኤሌክትሪክ ፍላጎቱና የእሳት ሥጋቱ አብረው ይጨምራሉ። ስለዚህ ሥራው ከመጋረጃና ከፍራሽ ሳይሆን ከፍሬንና ከሞተር መጀመር ይኖርበታል።

ከኮምቢ እስከ ሚኒባስ

በዓለም ላይ የጉዞ ቤት ለሆኑ መኪናዎች ምሳሌ ተደርጎ የሚጠቀሰው የቮልስዋገን ኮምቢ ነው። ፋብሪካው ይህን መኪና ማምረት የጀመረው እ.አ.አ. በ1950 ሲሆን፣ ዌስትፋሊያ የተባለው የጀርመን ድርጅት ከቀጣዩ ዓመት ጀምሮ አልጋ፣ ቁም ሣጥንና ጠረጴዛ እየገጠመ ለመንገደኞች ያቀርበው ነበር። በብራዚል ምርቱ እስከ 2013 እ.አ.አ. ዘልቋል። ለኢትዮጵያ ባለሙያዎችም እንግዳ አይደለም፤ በየጋራዡ የታወቀችው ቮልስና ኮምቢው የሚጋሩት በአየር የሚቀዘቅዝ ከኋላ የተቀመጠ ሞተር ነው።

በአየር የሚቀዘቅዝ ሞተር ራዲያተር የለውም። ሙቀቱን የሚያስወግዱለት በቺንጋ የሚዞረው ማራገቢያና የሞተር ዘይቱ ናቸው። የብዙዎቹ የ1600 ሲሲ ሞተሮች የዘይት መጠን 2.5 ሊትር ብቻ ሲሆን፣ የወረቀት ፊልትሮ ሳይሆን ወንፊት ብቻ ነው ያላቸው። ስለዚህ ዘይቱ በየ5 ሺህ ኪሎ ሜትሩ፣ በአቧራማ መንገድ ደግሞ ከዚያም ቀድሞ መቀየር አለበት። የቫልቭ ክፍተቱ ሞተሩ ሙሉ በሙሉ ሲቀዘቅዝ ተለክቶ 0.15 ሚሊ ሜትር ላይ ይስተካከላል። ክፍተቱ ጠቦ ቫልቩ በደንብ ሳይዘጋ ከቀረ ይቃጠላል፤ የተቃጠለ ቫልቭ ደግሞ ሞተሩን በሙሉ ሊያበላሽ ይችላል። በሞተሩ ዙሪያ ያሉት የላሜራ ሽፋኖችና ጎማዎችም ለጌጥ የተቀመጡ አይደሉም። እነርሱ ከጎደሉ ሞተሩ ራሱ ያሞቀውን አየር መልሶ ይስባል።

ከደጋ ወደ ቆላ

አዲስ አበባ ከባሕር ጠለል በላይ 2350 ሜትር ገደማ ከፍታ ላይ ትገኛለች። እ.አ.አ. በ2014 ለአገልግሎት የተከፈተው 85 ኪሎ ሜትር ያህል የሚረዝመው የአዲስ አበባ–አዳማ የፍጥነት መንገድ ተጓዡን ከዚህ ከፍታ ወደ 1600 ሜትር ገደማ ያወርደዋል። ከአዳማ በአዋሽ መልካሳ በኩል ወደ ሶደሬ ሲኬድ ደግሞ ምድሩ ይበልጥ ይወርዳል፤ ሙቀቱም ይጨምራል።

ይህ የከፍታ ለውጥ ብዙ አሽከርካሪዎች የማያስተውሉት ውጤት አለው። ከፍ ባለ ቦታ አየሩ ስስ ስለሆነ፣ በአዲስ አበባ የተስተካከለ ካርቡራተር የሚሰጠው ቤንዚን ለዚያ አየር የተመጠነ ነው። መኪናው ወደ ቆላ ሲወርድ አየሩ ይወፍራል፤ ቤንዚኑ ግን በዚያው ልክ አይጨምርም። ከአየሩ አንጻር ቤንዚኑ ያነሰው ድብልቅ በከፍተኛ ሙቀት ይነዳል፤ ሞተሩም ቀኑ ሞቃታማ በሆነበት ቦታ ላይ ተጨማሪ ሙቀት ይሸከማል። ምልክቱን ከካንዴላው ማንበብ ይቻላል። ጫፉ ፈዛዛ ቡናማ ከሆነ ድብልቁ ጥሩ ነው፤ ጥቀርሻ ከለበሰ ቤንዚኑ በዝቷል፤ ነጭ ከሆነ ደግሞ ቤንዚኑ አንሷል ወይም ሞተሩ ከመጠን በላይ ግሏል።

ራዲያተር ያላቸው ሚኒባሶች ፈተና ሌላ ነው። ክፍት ውሃ በባሕር ጠለል በ100 ዲግሪ ሴንቲግሬድ ሲፈላ፣ በአዲስ አበባ ከፍታ ግን በ92 ዲግሪ ገደማ ይፈላል። ሞተሩ ከዚያ በላይ ሞቆ ውሃው ሳይፈላ እንዲቆይ የሚያደርገው በራዲያተሩ ክዳን የሚጠበቀው ግፊት ነው። ስፕሪንጉ የላላ ወይም ጎማው የተቆራረጠ ክዳን ግፊቱን አይዝም፤ ዋጋው ትንሽ ቢሆንም ቴስታታ ሊያጣምም የሚችል ጥፋት ያስከትላል። በስምጥ ሸለቆ ማዕድን የበዛበት ውሃ ራዲያተር መሙላትም ውሎ አድሮ ቱቦዎቹን በጠጣር ክምችት ይደፍናል። ትክክለኛው መንገድ የተጣራ ውሃን ከማቀዝቀዣ ፈሳሽ ጋር ቀላቅሎ መጠቀም ነው።

ፍሬንና ጎማ

በቁልቁለት ላይ በተለምዶ «ፍሬን በጠሰ» ከሚባለው አደጋ ጀርባ ብዙ ጊዜ ያለው ሙቀት ነው። የፍሬን ዘይት ከአየር ውስጥ እርጥበት የመሳብ ባሕርይ አለው። ዶት 4 የተባለው ዘይት አዲስ ሲሆን ቢያንስ እስከ 230 ዲግሪ ሳይፈላ ይቆያል፤ እርጥበት ከጠጣ በኋላ ግን የመፍያ ነጥቡ ወደ 155 ዲግሪ ሊወርድ ይችላል። ዘይቱ ሲፈላ በቱቦው ውስጥ ትነት ይፈጠራል፤ ትነት ደግሞ ስለሚታመቅ ፔዳሉ ያለ ምንም ኃይል ወደ ወለሉ ይወርዳል። ለዓመታት ቆሞ የኖረ መኪና ዘይቱ አሮጌ መሆኑ አይቀርም። ስለዚህ ዘይቱን በየሁለት ዓመቱ መቀየር፣ የጎማ ቱቦዎቹን መመርመርና ቁልቁለትን በዝቅተኛ ማርሽ መውረድ የሕይወት ጉዳይ ነው።

ክብደትም ከዚሁ ጋር ይያያዛል። አንድ ሊትር ውሃ አንድ ኪሎ ግራም ይመዝናል፤ 80 ሊትር የሚይዝ ታንከር ሲሞላ አንድ ተጨማሪ ጎልማሳ ሰው እንደ መጫን ነው። በዚህ ላይ ባትሪ፣ የእንጨት ቁም ሣጥን፣ የጋዝ ሲሊንደርና የጣሪያ ላይ ጭነት ሲጨመር የፋብሪካው የጭነት ወሰን ሳይታወቅ ያልፋል። ከባድ ዕቃ ከወለሉ አጠገብ፣ ቀላሉ ደግሞ ከላይ መቀመጥ አለበት። የአዳማ አካባቢ ነፋስ ለኃይል ማመንጫ እስከመሆን የደረሰ ነውና፣ ጣሪያው ከፍ ያለ መኪና በጎን ነፋስ መገፋቱ አይቀሬ ነው።

የጉዞ መኪና ከሚሄድበት የሚቆምበት ጊዜ ስለሚበልጥ፣ ጎማው የሚበላሸው በማለቅ ሳይሆን በማርጀት ነው። በጎማው ጎን ከተጻፉት ምልክቶች የመጨረሻዎቹ አራት አኀዞች የተመረተበትን ሳምንትና ዓመት ይናገራሉ። ለምሳሌ «2319» ማለት በ2019 እ.አ.አ. በ23ኛው ሳምንት የተመረተ ማለት ነው። ከስድስት ዓመት በኋላ በየዓመቱ መመርመር፣ አሥር ዓመት የሞላውን ደግሞ ጥርሱ ቢኖርም መተው ይመከራል።

ዝገትን በስቱኮ አለመሸፈን

ያረጀ ኮምቢ ወይም ሚኒባስ የሚገዛ ሰው ከቀለሙ በፊት ላሜራውን ማየት ይገባዋል። ዝገት የሚደበቀው በጎማ ቤቶቹ፣ በበሮቹ ሥር፣ በባትሪው ማስቀመጫና በጣሪያው የዝናብ መውረጃ ጠርዝ ላይ ነው። ትንሽ ማግኔት ለምርመራው በቂ መሣሪያ ናት፤ ላሜራውን የምትይዘው ማግኔት በወፍራም ስቱኮ ላይ ስትደርስ ትወድቃለች። የበሰበሰው ክፍል ተቆርጦ በአዲስ ላሜራ መበየድ አለበት። ብየዳው ከመጀመሩ በፊት ባትሪው መነቀል፣ ሰልባትዮው መውረድና የወለሉ ምንጣፍ መነሳት ይኖርበታል። የውስጥ እንጨትና የግድግዳ ሽፋን የሚገጠመው ይህ ሁሉ ካለቀ በኋላ ነው፤ አለበለዚያ ዝገቱ ከአዲሱ ቁም ሣጥን ጀርባ ሥራውን ይቀጥላል።

ኤሌክትሪክን በልክ ማስላት

ከማሻሻያዎች ሁሉ ብዙ ጥቅም የሚሰጠው የፀሐይ ኃይል ነው። ስሌቱም ቀላል ነው። ባለ 12 ቮልት ትንሽ ማቀዝቀዣ በሞቃት ስፍራ በቀን 500 ዋት ሰዓት ያህል ሊፈጅ ይችላል። 10 ዋት የሚፈጁ አምፖሎች ለአምስት ሰዓት 50፣ ባለ 20 ዋት ማራገቢያ ለስምንት ሰዓት 160፣ የስልክ መሙያ 40 ቢወስዱ ድምሩ 750 ዋት ሰዓት ይሆናል። ባለ 200 ዋት የፀሐይ ሰሌዳ በቀን አምስት ሰዓት ሙሉ ፀሐይ አግኝቶ ሩብ ያህሉ በመንገድ ቢባክን የሚሰጠው ይህንኑ 750 ነው።

የሚቀረው ማጠራቀም ነው። 100 አምፔር ሰዓት የሚይዝ ባለ 12 ቮልት ባትሪ 1200 ዋት ሰዓት ይይዛል። የእርሳስና አሲድ ባትሪ ቶሎ እንዳይሞት ከግማሹ በላይ ባይራቆት ይመረጣል፤ ስለዚህ ጥቅም ላይ የሚውለው 600 ብቻ ነው። የሊቲየም ብረት ፎስፌት ባትሪ 80 በመቶውን ያለ ችግር ስለሚሰጥ ወደ 960 ይደርሳል፤ ዋጋው ግን ከፍ ያለ ነው። ሁለቱም ሙቀትን አይወዱም፤ በተለይ የእርሳስ ባትሪ ሙቀቱ በ10 ዲግሪ ሲጨምር ዕድሜው በግማሽ ያህል ይቀንሳል። ሲሞላም ተቀጣጣይ ሃይድሮጂን ስለሚያወጣ አየር በሚገባበት ቦታ መቀመጥ ይኖርበታል።

የቤቱ ባትሪ ከሞተሩ ማስነሻ ባትሪ መለየት አለበት፤ አለበለዚያ ሌሊቱን የሠራ ማቀዝቀዣ ጠዋት መኪናውን ያስገፋል። ፊውዙም ከባትሪው ከአንድ ስንዝር በማይርቅ ቦታ ይታሰር። ፊውዝ የሌለው ሽቦ ከላሜራ ጋር ተፋትጎ ሲላጥ ባትሪው ያለውን ኃይል ሁሉ በዚያች ነጥብ ያፈሳል፤ የመኪና ቃጠሎ አንዱ ምክንያትም ይኸው ነው።

የሚጠጣ ውሃ

በሶደሬ ዙሪያ ውሃ ሞልቷል፤ ነገር ግን ሁሉም ለታንከር የሚሆን አይደለም። የስምጥ ሸለቆ የከርሰ ምድር ውሃ በብዙ ቦታ ከፍተኛ ፍሎራይድ አለው። የዓለም ጤና ድርጅት ያስቀመጠው ወሰን በሊትር 1.5 ሚሊ ግራም ሲሆን፣ ከዚያ በላይ የሆነ ውሃ ለረጅም ጊዜ ሲጠጣ የልጆችን ጥርስ ያበልዛል፤ መጠኑ በጣም ሲጨምርም አጥንትን ይጎዳል። ማፍላት ተሕዋስያንን ይገድላል እንጂ ፍሎራይድን አያስወግድም፤ እንዲያውም ውሃው በተነነ ቁጥር የቀረው ይዘት ይጨምራል። ስለዚህ የመጠጥ ውሃ ከታወቀ ምንጭ ተቀድቶ ለምግብ በተፈቀደ ዕቃ ለብቻው መያዝ አለበት፤ ለመታጠቢያ የሚሆነው በሌላ ታንከር ይሁን።

እሳትና ጭስ

በአሮጌ ኮምቢ ላይ አስቀድሞ መቀየር ያለበት ዕቃ የቤንዚን ጎማ ቱቦ ነው። በሙቀት ደርቆ የተሰነጠቀ ቱቦ ቤንዚን በጋለ ሞተር ላይ ያንጠባጥባል። የማብሰያ ጋዝ ደግሞ ከአየር ይከብዳል፤ ሲያፈስ ወደ ላይ ወጥቶ አይበተንም፣ ወለል ላይ ይተኛል እንጂ። በመሆኑም ሲሊንደሩ የሚቀመጥበት ሣጥን ከታች ወደ ውጭ የሚያስተነፍስ ቀዳዳ ያስፈልገዋል።

ከሁሉ የሚከፋው ግን የማይታየው ነው። ቡና ለማፍላት ከሰል አቀጣጥሎ በተዘጋ መኪና ውስጥ ማስገባት፣ ወይም የሌሊቱን ብርድ በፍም ለመከላከል መሞከር ሕይወት ያጠፋል። ከከሰል የሚወጣው ካርቦን ሞኖክሳይድ ቀለምም ሽታም የለውም፤ የተኛን ሰው ሳይቀሰቅስ ይገድላል። ቡናው በዛፍ ጥላ ሥር ይፈላ፤ ምድጃውም ውጭ ይደር። መኪናው ሲንቀሳቀስ ደግሞ አልጋው ለመተኛ አይሆንም፤ ተሳፋሪ ሁሉ፣ ልጆችን ጨምሮ፣ ቀበቶ ባለው ወንበር ላይ መቀመጥ አለበት።

ሰነዱም ይታደስ

የተሽከርካሪ መለያ፣ መመርመሪያና መመዝገቢያ አዋጅ ቁጥር 681/2002 የአገሪቱ ተሽከርካሪዎች የሚመዘገቡበትንና የሚመረመሩበትን ሥርዓት ይደነግጋል። ሞተር የቀየረ፣ ወንበር አንሥቶ አልጋ የገጠመ ወይም ጣሪያ ያስነሣ ባለንብረት ሥራውን ከመጀመሩ በፊት ወደ መዘገበው መሥሪያ ቤት ሄዶ መጠየቅ ይበጀዋል። በሊብሬው ላይ የሠፈረውና መኪናው ላይ የሚታየው ካልተመሳሰለ በዓመታዊ ምርመራው ቦሎ ለማግኘት፣ አደጋ ቢደርስም ከመድን ድርጅት ካሳ ለመጠየቅ ያስቸግራል።

በጀቱ ውስን ለሆነ ሰው ቅደም ተከተሉ ግልጽ ነው። መጀመሪያ ፍሬን፣ ጎማና የቤንዚን ቱቦ፤ ቀጥሎ ሞተርና ማቀዝቀዣ፤ ከዚያ ላሜራ፤ ከዚያ ኤሌክትሪክና ውሃ፤ መጨረሻ ላይ እንጨቱና መጋረጃው። የመጀመሪያው ጉዞም ረጅም ባይሆን ይመረጣል። ከአዳማ ወደ ሶደሬ ያለው አጭር መንገድ ለሙከራ የሚመች ነው፤ ጉድለት ቢገኝ አዳማ ላይ ጋራዥም መለዋወጫም በቅርብ ይገኛል። ይህን መንገድ ያለ ችግር ሄዶ የተመለሰ መኪና ወደ ላንጋኖ ወይም ወደ ሐዋሳ ለሚቀጥለው ጉዞ ባለቤቱን ያደፋፍረዋል።