ዘመን የሳተው የኦሞ ዛጎል

ከኦሞራቴ ወደ ሰሜን፣ ኪቢሽ አካባቢ በደረቀ የኦሞ ወንዝ የጥንት ደለል ውስጥ ኤቴሪያ የሚባል ዛጎል ይገኛል። የናይል ኦይስተር የሚሉት ይህ ነው፤ ዛሬም በናይል፣ በኮንጎና በኒጀር ወንዞች ይኖራል። ከሁለቱ ክዳኖቹ አንዱን ዓለት ወይም የወገኑ ቅርፊት ላይ ይለጥፍና ዕድሜውን ሙሉ ንቅንቅ አይልም። ምግቡንም ኦክስጅኑንም የሚያመጣለት ወራጁ ውኃ ሲሆን፣ በስንጥቡ እያጠለለ ጥቃቅን ነገሮችን ይመገባል። ቅርፊቱ የተጣበቀበትን ዓለት ተከትሎ ስለሚያድግ መልኩ ወጥ አይደለም፤ ውጩ ሻካራ ነው፣ ውስጡ ግን ያብረቀርቃል፤ እዚህም እዚያም ውኃ እንደቋጠረ ቁስል ያበጠ ነው።

እ.ኤ.አ. በ1967 በሪቻርድ ሊኪ የሚመራው የኬንያ ቡድን ኪቢሽ ላይ የሆሞ ሳፒየንስ ቅሪተ አካላት ሲያገኝ፣ ዕድሜያቸው 130,000 ዓመት ገደማ ነው የተባለው በኤቴሪያ ዛጎል ላይ በተደረገ የዩራኒየምና ቶሪየም ልኬት ነበር። ግምቱ አልጸናም። በ2005 የእሳተ ገሞራ ቅሪት በአርገን ተለክቶ ዕድሜውን ወደ 195,000 አደረሰው፤ በ2022 ደግሞ ከቅሪተ አካሉ በላይ ያለው አመድ ከሻላ እሳተ ገሞራ መምጣቱ ታውቆ ከ233,000 ዓመት እንደማያንስ ተገመተ፤ የስሕተት ወሰኑ 22,000 ዓመት ነው። ዛጎሉን ያሳሳተው የገዛ ባሕርዩ ነው፤ እንስሳው ከሞተ በኋላም ቅርፊቱ ከከርሰ ምድር ውኃ ዩራኒየም መሳቡን ስለሚቀጥል መቼ መቁጠር እንደጀመረ አይታወቅም። አመድ ውስጥ ያለ ክሪስታል ግን አርገኑን ፍንዳታው ላይ ስለሚለቅ ቆጠራው ከዚያ ይጀምራል።

ታዲያ ዘመኑን የሳተ ዛጎል ምን ይረባል? የሚል ይኖራል። ዛጎሉ የሳተው ስለ ዓመቱ ሲጠየቅ ነው፤ ስለ ውኃው ሲጠየቅ ግን የሚበልጠው ጥቂት ነው። መሸሽ የማይችል እንስሳ በአንድ ቦታ ተጣብቆ ካደገ፣ በዚያ ቦታ ለዓመታት ያልተቋረጠ፣ ጨው ያልበዛበትና ኦክስጅን ያለው ውኃ ነበር ማለት ነው። ጎርፍ ከሩቅ አምጥቶት ቢሆንስ? ጥያቄው ተገቢ ነው፤ መልሱም ከዛጎሉ ላይ ይነበባል። ተገነጣጥሎና ተፈግፍጎ ከተገኘ ምስክርነቱ ይደክማል፤ ሁለቱ ክዳኖች እንደተጋጠሙ፣ ከወገኖቹ ጋር እንደተጣበቀ ከተገኘ ግን እዚያው ኖሮ እዚያው ሞቷል። በእርግጥ ምስክርነቱ ለተገኘበት ንብርብር ብቻ ነው፤ ከላይ ወይም ከታች ላለው አጥንት በቀጥታ አይናገርም። አመዱም ዓመቱን እንጂ የወንዙን ሁኔታ አይነግረንም። ስለዚህ የኪቢሽን ሰው ዓለም መረዳት የፈለገ ለዓመቱ አመዱን፣ ለወንዙ ዛጎሉን ይጠይቅ፤ የአንዱን ሥራ በሌላው ላይ መጫን ነው ስሕተቱ።