ወደ ኋላ፣ በእርጋታ

ኢንተርስቴት 80 የተሰኘው ሰፊ ጎዳና የአዮዋን የበቆሎ ማሳዎች ሰንጥቆ በሚያልፍበት፣ ዎልኮት በተባለች ትንሽ ከተማ ዳር፣ እ.ኤ.አ. ከ1964 ጀምሮ የከባድ መኪና ሾፌሮችን የሚያስተናግድ ማረፊያ አለ። አዮዋ 80 ይባላል፤ ወደ 900 ለሚጠጉ ከባድ መኪኖች ማቆሚያ ያለው ሲሆን «የዓለም ትልቁ» የሚል ማዕረግ ይዞ ይኮራል። ፀሐይ ስታዘቀዝቅ ግን ያ ሁሉ ስፋት ይጠባል። የአሜሪካ ሕግ ሾፌሩ ሥራ በጀመረ በ14 ሰዓት ውስጥ ከ11 ሰዓት በላይ እንዳያሽከረክር ይከለክላል፤ ከ2017 መጨረሻ ወዲህ ደግሞ ሰዓቱን የሚቆጥረው በየመኪናው የተገጠመ ኤሌክትሮኒክ መሣሪያ ነው። ስለዚህ ምሽት ላይ ሁሉም በአንድ ጊዜ ቦታ ይፈልጋል። በግራም በቀኝም የተወለወለ ክሮም በቆመበት፣ በቀረችው አንዲት ጠባብ ቦታ ፊት፣ ከመንዳት ጥበቦች ሁሉ እጅግ የረቀቀው መታየት ይጀምራል።

ልኩን ማወቅ አድናቆቱን ያጎላዋል። ተሳቢው ብቻውን 53 ጫማ፣ ማለትም ከ16 ሜትር በላይ ይረዝማል፤ ከነጎታቹ ከ20 ሜትር ያልፋል፤ ወርዱ 2.6 ሜትር ነው። ማቆሚያው 12 ጫማ ስፋት ካለው፣ በየጎኑ የሚተርፈው ግማሽ ሜትር ያህል ነው፤ ያውም ወደ ውጭ የወጡት ስፖኪዮዎች ሳይቆጠሩ። ይህ ሁሉ ግዝፈት የሚታጠፈው ተሳቢው በጎታቹ ጀርባ ላይ በሚያርፍባት አንዲት መጋጠሚያ በመሆኑ፣ ወደ ኋላ ሲነዳ መሪው ወደ ቀኝ ከዞረ የተሳቢው ጭራ ወደ ግራ ይሄዳል። ልምድ ያላቸው ሾፌሮች ይህን ተቃርኖ የሚፈቱበት ዘዴ ያማረ ነው፤ እጃቸውን በመሪው ግርጌ ያሳርፋሉ፤ ያኔ እጃቸው ወደ ሄደበት ጭራውም ይሄዳል።

ከዚህ ዓይነት ተሳቢ ቀደምቶች አንዱ የተሠራው ለጀልባ ነበር። በ1914 የዲትሮይቱ ባለ እጅ ኦገስት ፍሩሃውፍ፣ ፍሬድሪክ ሲብሊ የተባሉ የእንጨት ነጋዴ ጀልባቸውን በፎርድ ሞዴል ቲ ጎትተው መውሰድ ቢፈልጉ ሠራላቸው፤ ነጋዴው በሥራው ረክተው እንጨታቸውንም የሚያመላልሱበት ሌላ አዘዙ።

የእውነተኛ ባለሙያ ብቃት የሚለየው የኋላ ማርሽ ከመግባቱ በፊት ነው። ሾፌሩ ቦታውን በግራቸው አድርገው በዝግታ ያልፉታል፤ ሲያልፉም ወለሉን፣ የጎረቤቱን አፍንጫ፣ የመብራት ምሰሶውን በዓይናቸው ይመዝናሉ። ከዚያ ጎታቹን ወደ ቀኝ ያርቁና የተሳቢው ጭራ ባዶውን ቦታ በሰያፍ ማመልከት ሲጀምር ይቆማሉ። ግራ የሚመረጠው ተሳቢው በሾፌሩ በኩል ባለው መስኮት ሙሉ ለሙሉ ስለሚታይ ነው፤ በቀኝ መግባት አብዛኛው በግምት የሚሠራ ነውና አማራጭ ያለው አይሞክረውም። ረጅም ተሳቢ ለመሪ ዘግይቶ ይታዘዛል። ጥቂት ማዞር፣ ከዚያም መጠበቅ ይገባል፤ የቸኮለና መሪውን ያበዛ ሰው ጎታቹና ተሳቢው እንደ ሰንጢ ይታጠፉበታል። ጭራው መስመሩን ሲይዝ መሪው በተቃራኒ ይዞራል፤ እስካሁን ሲገፋ የቆየው ጎታች አሁን በተራው ተሳቢውን ተከትሎ ይገባል። መሪና ተከታይ ቦታ የሚለዋወጡባት ይህች ቅጽበት ለእኔ የሥራው ሁሉ ዘውድ ናት።

በአገራችን መንገድ ላይ ያደገ ሰው እዚህ የሚጎድለውን ወዲያው ያስተውላል፤ ረዳት የለም። ከኋላ ቆሞ «ና! ና! በቃ!» የሚል ድምፅ፣ የተሳቢውን ግድግዳ የሚመታ መዳፍ አይሰማም። የአሜሪካው ሾፌር ብቻውን ነውና ረዳቱንም ራሱ ይሆናል፤ ፍሬኑን አስይዞ ይወርዳል፣ ዙሪያውን ያያል፣ ተመልሶ ጥቂት ይገፋል፣ እንደገና ይወርዳል። «ውረድና እይ» በማሠልጠኛዎች ሁሉ የሚደጋገም ትእዛዝ ሲሆን፣ ደጋግሞ መውረድ የጀማሪነት ምልክት ተደርጎ አይታይም፤ እንዲያውም የሥራው ጨዋነት የሚገለጥበት ነው። በጅቡቲ መስመር ከነተሳቢው ሲነዱ ኖረው ወደ አሜሪካ የተሻገሩ ወገኖቻችን ደግሞ ሌላ ጌጥ ይዘው ይመጣሉ። በዘንግ የሚጎተተው ያ ተሳቢ የፊት እግሩ ራሱ ስለሚዞር ሁለት መታጠፊያ አለው፤ እርሱን ወደ ኋላ ቀጥ አድርጎ መንዳት በዓለም ላይ ካሉ የሾፌር ፈተናዎች ከባዶቹ አንዱ ነው።

ለዚህ ብቃት አሜሪካ መድረክም አዘጋጅታለታለች። የአገሪቱ የጭነት ማመላለሻ ማኅበራት ኅብረት ከ1937 ጀምሮ ብሔራዊ የሾፌሮች ሻምፒዮና ያካሂዳል፤ በክፍለ ግዛቶቻቸው ያሸነፉ ሾፌሮች በጽሑፍ ፈተና፣ በመኪና ምርመራና በመንዳት ይፎካከራሉ፤ ወደ ኋላ ተነድቶ ከመጫኛው ደፍ ጋር የቀረው ርቀት በኢንች ይለካል። ወደዚያ መድረክ ለመቅረብ ግን ተወዳዳሪው አስቀድሞ አንድ ሙሉ ዓመት ያለ አደጋ ማሽከርከር ይጠበቅበታል።