ግድግዳ ላይ የሚሰቀል ቴሌቪዥንና የገመዶቹ መንገድ

ቴሌቪዥን ግድግዳ ላይ ሲሰቀል ሳሎኑ ሰፋ ይላል። ከሥሩ የሚንጠለጠሉት ገመዶች ግን የቤቱን መልክ ያበላሹታል። ዳዴ የሚል ሕፃን ባለበት ቤት ደግሞ ነገሩ ከመልክ ያልፋል፤ ሕፃኑ አንዱን ይዞ ቢጎትት ሪሲቨሩ ላዩ ላይ ሊወድቅበት ይችላል። ገመዶቹን መደበቁ ተገቢ ነው። መንገዳቸው የሚታሰበው ግን ማንጠልጠያው ብረት ከመታሰሩ በፊት ነው።

ገመዶቹ ሁለት ወገን ናቸው። አንዱ 220 ቮልት የሚሸከመው የመብራት ገመድ ነው። ሌሎቹ፣ ኤችዲኤምአይና የኢንተርኔት ገመድ፣ ምስልና ድምፅ ያመላልሳሉ። የዲሹ ገመድ የሚያበቃው ሪሲቨሩ ላይ ስለሆነ ሪሲቨሩ ታች ከተቀመጠ እሱን ወደ ላይ ማውጣት አያስፈልግም። ሁለቱን ወገን በአንድ ቱቦ ማሳለፍ አይገባም፤ የመብራቱ ገመድ ቢላጥ ኤሌክትሪኩ በቀጭኖቹ ገመዶች በኩል ዕቃውንም ሰውንም ያገኛል።

ከሁሉ አጥብቄ የምቃወመው አንድ አሠራር አለ። ልስኑ ይፈነቀልና የቴሌቪዥኑ የራሱ ገመድ እዚያ ገብቶ በላዩ ይለሰንበታል። ሲታይ ያምራል። ነገር ግን ለሶኬት የሚዘረጋው ሽቦ አብዛኛውን ጊዜ ባለ 2.5 ካሬ ሚሊ ሜትር ሲሆን፣ ብሬከሩም የሚመረጠው ለዚያ ውፍረት ነው። የቴሌቪዥን ገመድ ግን ብዙውን ጊዜ 0.75 ገደማ ነው። ልስን ውስጥ ተጎድቶ መጋል ቢጀምር ብሬከሩ ሳይወርድ ሊቆይ ይችላል። ከዓመታት በኋላም አንድ ሰው ፎቶ ልስቀል ብሎ ምስማር ሲመታ የተቀበረውን ገመድ የሚያስታውስ አይኖርም።

ትክክለኛው ሥራ ሶኬቱን ወደ ቴሌቪዥኑ ማምጣት ነው። የኤሌክትሪክ ባለሙያ ከታችኛው ሶኬት ተነስቶ ሦስቱን ሽቦ፣ የመሬቱን ጨምሮ፣ በቱቦ ቀጥ አድርጎ ወደ ላይ ይወስድና ከስክሪኑ ጀርባ አዲስ ሶኬት ያወጣል። ቀጥ ማለቱ ትልቅ ቁም ነገር አለው፤ ግድግዳ የሚበሳ ሰው ሶኬት ሲያይ ከላዩና ከሥሩ ሽቦ ይኖራል ብሎ ይጠነቀቃል። በሰያፍ የሄደ ሽቦ ጥቂት ሜትር ይቆጥብ ይሆናል፤ የት እንዳለ የሚገምተው ግን የለም።

ለኤችዲኤምአይ ሌላ ባዶ ቱቦ ይቀበራል። የገመዱ ራስ 2 ሴንቲ ሜትር ያህል ስፋት ስላለው በተለመደው ቀጭን የመብራት ቱቦ አያልፍም፤ ለአንድ ገመድ ባለ 32 ሚሊ ሜትር ቱቦ ያስፈልጋል። ክርን የሚመስል ሹል መታጠፊያ አይደረግበት፤ ውስጡም መጎተቻ ሲባጎ ይቀመጥ። ገመዱ ሲበላሽ ወይም ዕቃው ሲቀየር ልስን ሳይነካ አዲስ መሳብ የሚቻለው ያኔ ነው። ገመዱ ከ5 ሜትር ከበለጠ ደግሞ ተራው የመዳብ ኤችዲኤምአይ የ4ኬ ምስል ሊያቆራርጥ ስለሚችል ከመግባቱ በፊት ተሰክቶ ይሞከር።

የመሰርሰሩ ነገር በግድግዳው ይወሰናል። በኢንተርኔት የምናያቸው አብዛኞቹ ማሳያዎች የአሜሪካ ቤቶችን የሚመለከቱ ናቸው፤ እዚያ ግድግዳው በእንጨት ላይ የተመታ ጅብሰም ቦርድ ስለሆነ ውስጡ ክፍት ነው። የእኛ ኮንዶሚኒየም ግን ብሎኬት ነው። እንግሊዞች ቁመት ለቁመት የሚሰረሰር ጎድጓዳ ከግድግዳው ውፍረት አንድ ሦስተኛ፣ አግድም የሚሄደው አንድ ስድስተኛ እንዳያልፍ ይመክራሉ። በ15 ሴንቲ ሜትር ግድግዳ ይህ 5 እና 2.5 ሴንቲ ሜትር ይሆናል። 10 ሴንቲ ሜትር በሆነው ግን ባለ 32ቱ ቱቦና ልስኑ አንድ ላይ አይበቃቸውም፤ እዚያ ባይሰረሰር ይሻላል። ሕንፃውን የተሸከመው ኮለን ደግሞ ፈጽሞ አይነካም።

አሁን በብዙ ሳሎን የሚሠራው የጅብሰም ጌጥ ገመድ ለመደበቅ ምቹ ነው፤ ከጀርባው ክፍተት አለው። ሆኖም የቴሌቪዥኑን ክብደት ጅብሰሙ ላይ ማሳረፍ አይገባም፤ ብረቱ ከኋላ ካለው ብሎኬት ጋር ይታሰር። ዲቫይደርም ውስጡ ተዘግቶበት አይቅር፤ የላላ ሶኬት ሲግል የሚያየው የለም።

ለተከራይ፣ ለጭቃ ቤትና ለቀጭን ግድግዳ የምመርጠው የፕላስቲክ ገመድ መሸፈኛ ነው። በግድግዳው ቀለም ሲቀባ ዓይን አይስብም። በጭቃ ቤት ማጣበቂያው ከግድግዳው ስለሚላቀቅ መሸፈኛውም ማንጠልጠያውም ከውስጥ ካለው እንጨት ጋር በብሎን ይያያዙ። ጭቃው ውስጥ ገመድ መቅበር አይጥ እንዲበላው መተው ነው።

ከመለሰኑ በፊት ሜትር ግድግዳው ላይ አስደግፋችሁ የቱቦዎቹን መንገድ ፎቶ አንሱ። ቤቱን ስትለቁም ፎቶውን ለሚገባው ሰው ስጡት።